የአክስቴ ሁለት ቃዳ

አክስቴ እንጅባራ ከተማ እኔ ቤት መኖር ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እኛ የወንድሟ ልጆች እታበባ እንላታለን። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክንዷን ደግፌ የሚያዩኝ ጎረቤቶች «መምህር፣ እግዜር ይስጥህ፤ የዛሬ ልጅ እንኳን አክስቱን እናቱንም አያስጠጋ» ይሉኛል። እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል። እፍረት ነው።

እታበባ መሬቷን ያጣችው በእኔ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም፤ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። አሁን እንኳ የምጽፈው በአማርኛ ነው። እሷ አፏን የፈታችው በአውኚ ነው፤ አማርኛ ለገበያ ያህል እንጂ አታውቅም፤ ማንበብ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ አትችልም። ፊቷ ቆሜ በቋንቋዋ መናገር ሲገባኝ እዚህ ወረቀት ላይ መፎከሬ ምን ያህል ፈሪ እንደሆንሁ ይናገራል።

ያደግነው ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለ ቀበሌ ነው። ብርዳም አገር ነው፤ ገብስና ድንች ይወዳል፣ ከቤቱ ሁሉ ጀርባ ቀርከሃ አለ። እታበባ ግምጃ ቤት በሚባል አገር ተድራ ነበር። ስድስት ዓመት ቆይታ ልጅ ባለመውለዷ ባሏ ሌላ አገባ፤ እሷም አንድ መጥረቢያ በትከሻዋ አድርጋ በእግሯ ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ቤት ያመጣችው ንብረት መጥረቢያው ብቻ ነበር። ለምን እሱን እንደመረጠች ስትጠየቅ «የተሳለው እሱ ነበር» ትል ነበር።

በተመለሰች በዓመቱ ይመስለኛል፣ መሬት ሊደለደል ነው ተባለ። በእኛ አገር የመሬት ሕግ መጣ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ሕጉ ምን እንደሚል አይደለም፤ ስንት ሆኖ መቅረብ እንደሚያዋጣ ነው። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ብዙ ጎጆ መሆን ነበር። ያልደረሱ ልጆች ተዳሩ፣ ሽማግሌዎች ከልጆቻቸው ቤት ወጥተው ብቻቸውን ተቀመጡ። አባቴም ጎረቤት አስተባብሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቀርከሃው ሥር ለእህቱ ጎጆ ቀለሰላት። እኔ ያኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርሁ፤ ጭቃ ስረግጥ መዋሌን አስታውሳለሁ። ጎጆ የሚቆጥሩት ሰዎች በሚመጡበት ዕለት አባቴ «ጭስ ይታይ፣ እሳቱን አንድጂው» አላት። እሷም ከጠዋት ጀምራ እርጥብ እንጨት ስታጨስ ዋለች። አባቴ ሰዎቹን በእጁ እያሳየ «ይቺ ራሷን የቻለች እማወራ ናት» አላቸው። በእሷ ራስ ሁለት ቃዳ ተሰጠ። አንድ ቃዳ አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን ያህል ነው።

ለቆጠራ ተብሎ የተሠራው ጎጆ ቤቷ ሆኖ ቀረ። በእኛ ዘንድ ሴት ሞፈር አትጨብጥምና አባቴ ያርስላታል፤ ሌላውን ሁሉ ራሷ ታደርገዋለች። ድንቿን ስትኮተኩት መስመሩ ቀጥ ያለ ስለነበር አባቴ «ከደብተርህ ይሻላል» እያለ ይተርበኝ ነበር። ከምታገኘው ለእኛም ትሰጣለች። ለዩኒፎርሜ የተሸጠውን ድንች ከእሷ ማሳ ስንቆፍር አብሬያት ነበርሁ፤ ስለዚህ የማን ማሳ እንደሆነ አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

መሬት በደብተር ይመዝገብ የተባለው እኔ አስተምሮ አዳሪ ሆኜ እዚያው ቀበሌያችን ትምህርት ቤት ከተመደብሁ በኋላ ነው። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለነበርና ሁለቱንም ቋንቋ ስለማውቅ የመሬት ኮሚቴው ጸሐፊ አደረጉኝ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰብስቦ መመሪያውን እያነበብሁ በአውኚ አስረዳሁ። ሴት ከወንድ እኩል መብት አላት፣ ባልና ሚስት ደብተሩ ላይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ባል የሌላት ሴት በራሷ ስም ደብተር ትወስዳለች እያልሁ። ወጣት ነበርሁ፤ ድምፄም ያምራል ይሉኝ ነበር። ከወረቀቱ የበለጠ አሳምሬ ተናገርሁ። ሴቶቹ የተቀመጡበትን ወገን እያየሁ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ደገምሁት።

ሲመሽ እታበባ ወደ ቤት መጥታ «ያልኸው ነገር የእውነት ነው?» አለችኝ።

«ሕግ ነው» አልኋት።

«እንግዲያው እኔም ደብተር አለኝ ማለት ነው» አለችና እንደ ቀልድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የዚያን ምሽት ሳቄ ንጹሕ ነበር፤ ይህን ለራሴ እመሰክራለሁ።

በማግስቱ አባቴ ፈረሱን እያሻሸ ከግቢው ጥግ ጠራኝ። ፈረስ ሲያሻሽ የሚናገረው ነገር ሁልጊዜ አስቀድሞ የቆረጠበት ነበር።

«እህቴ ገና ናት» አለኝ። «ነገ አንዱ መጥቶ ያገባታል፤ ከነደብተሯ። ሁለቱ ቃዳ ከእኔ መሬት መሃል ነው ያለው፤ የባዕድ ሰው እበሬዬ አፍንጫ ሥር ሊያርስ ነው። በእኔ ስም ይጻፍ። እሷ ትብላው፤ ማን ይከለክላታል?»

«ሕጉ እኮ...»

«ሕጉን ያነበብኸው አንተ ነህ፤ እህቴን የማውቃት እኔ ነኝ።»

ዝም አልሁ። አባቴን ስለፈራሁ ነው ብዬ ለዓመታት ራሴን አባብያለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ ታናሽ ወንድሜ እየደረሰ ነበር፤ እርሻውን የሚወርሰው እሱ ነው። መሬቱ ካነሰው ዓይኑ ወደ እኔ ደሞዝ ይዞራል። ሁለቱ ቃዳ ከቤቱ መሬት ጋር ከተዋሐደ እሱም ይጠግባል፣ እኔም ከተማ ገብቼ የራሴን ኑሮ እኖራለሁ። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ፈረሱ ጅራቱን አንድ ጊዜ እስኪያወናጭፍ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። ሰው ለክፋት ሲሆን አእምሮው ይፈጥናል።

መሬታችን በተለካበት ቀን አባቴ እታበባን ድንች አስጭኖ በጋሪ ወደ አዲስ ቅዳም ገበያ ላካት። የኮሚቴው ሰዎች ገመዱን እየጎተቱ ከቀርከሃው ሥር ሲደርሱ አንዱ «ይህስ የማን ይባል?» አለ። ያውቁ ነበር፤ አብዛኞቹ ጎጆዋን ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አባቴ «የእኔ ነው» አለ። አዋሳኞቹ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ መዝገቡ እኔ እጅ ነበርና። እኔ ጻፍሁ። የቤተሰብ አባላት የሚጻፉበት ቦታ ስደርስ «እህት፣ ተጧሪ» ብዬ አስገባኋት። በአንዱ ሕግ እማወራ የነበረች ሴት በሌላው ሕግ ተጧሪ ሆነች፤ በሁለቱም ጊዜ እሷን የጠየቃት ሰው የለም።

ሲያበቃ የስም ዝርዝሩ ለሕዝብ መታየት ነበረበት። ቅሬታ ያለው በአንድ ወር ውስጥ ያቅርብ ተባለ። ዝርዝሩን የትምህርት ቤታችን ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ ዝናብ እንዳይነካው ከክፈፉ ሥር ለጠፍነው። ማንበብ የሚችል ጥቂት ስለሆነ ለሚመጣው ሰው ስሙን የማሳየው እኔ ነበርሁ። ደስ የሚል ሥራ ነበር። ስማቸው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሲያዩ ፊታቸው የሚሆነውን አልረሳውም፤ አንዳንዱ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር።

እታበባ በሦስተኛው ቀን መጣች። እግሯን ታጥባ፣ የበዓል ነጠላዋን አጣፍታ ነበር። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችውና «የእኔን አሳየኝ» አለችኝ።

ሐቁን መናገር እችል ነበር። የለሽም፣ ቅሬታ አቅርቢ፣ ገና ብዙ ቀን አለ ማለት ይበቃ ነበር። ቅሬታውን ራሴ ልጽፍላት እችል ነበር፤ ለሌሎች ስጽፍ ነበር የሰነበትሁት። እኔ ግን ጣቴን አንስቼ ወንዝ ማዶ በምትኖር በአንዲት ባልቴት ስም ላይ አሳረፍሁ።

«ይኸውልሽ።»

ጠጋ ብላ አየችው። «ስሜ እንዲህ ረጅም ነው ለካ» አለች። ቀጥላም «አንብበው እስቲ» አለችኝ።

አነበብሁላት። ያልተጻፈ ነገር አነበብሁላት። የእሷን ስም ከነአባቷ፣ እማወራ፣ ሁለት ቃዳ፣ በምሥራቅ ወንድሟ፣ በምዕራብ ወንድሟ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ አልሁ።

«በደቡብ ወንዝ አይደለም» ብላ አቋረጠችኝ። «በደቡብ ቀርከሃዬ ነው። ወንዙ ከቀርከሃው በታች ነው። እንዲህ ተብሎ ከተጻፈ ነገ ጣጣ ያመጣል፤ አስተካክለው።»

«ይስተካከላል» አልሁና ከኪሴ ማስታወሻ አውጥቼ የምጽፍ መሰልሁ። በእርግጥም ጻፍሁ፤ «ደቡብ፣ ቀርከሃ» ብዬ። ያልተመዘገበ መሬት ወሰን አረምሁላት። እሷ ስጨርስ ጠብቃ ትከሻዬን ሳመችና «ማንበብ የሚችል ልጅ ያለው ቤት አይታለልም» ብላኝ ሄደች። ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ እየጠበቁኝ ነበር፤ ያን ክፍለ ጊዜ አላስተማርሁም።

ወሩ አለፈ። ቅሬታ ያቀረበ አቀረበ፤ እሷ ምን ብላ ታቅርብ? ደብተሩ ሲታደል አባቴ ተቀበለ። እታበባ የራሷን ስትጠይቅ «የእኔና የአንቺ በአንድ ሆኖ ወጥቷል፤ ያንቺ ጎጆ ያፈሳል፣ ሳጥኔ ውስጥ ይቀመጥ» አላት። ወንድሟ ነው፤ አመነችው። ደግሞም አባቴ ቃሉን ጠብቋል ማለት ይቻላል። እስኪሞት ድረስ ያርስላት ነበር፣ ከማሳዋ አንድ ድንች አልወሰደባትም። በእሱ አስተሳሰብ እህቱን አልበደላትም። ወረቀትና ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ቃል ከሰውየው ጋር እንደሚቀበር ግን አላሰበም። እኔ የተማርሁት ላስብለት ይገባኝ ነበር።

አባቴ ሲሞት እኔ ወደ እንጅባራ ተዛውሬ፣ አግብቼ፣ ቤት ለመሥራት ደፋ ቀና እል ነበር። ደብተሩ ወደ ታናሽ ወንድሜ ዞረ። ያን ጊዜ አገሩን ሁሉ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ወርሶት ነበር። ዛፉ ይተከላል፣ በአራት በአምስት ዓመት ይቆረጣል፣ እዚያው ማሳው ላይ አፈር ለብሶ ይከስላል፣ ከሰሉ በመኪና ይጫናል። ገብስ ከሚያስገኘው ይበልጣል። ወንድሜም ተራውን ጠበቀ እንጂ ከሰው የተለየ ነገር አላደረገም። አንድ ክረምት ሊመጣ ሲል ችግኙን አዘጋጅቶ እታበባን «ዘንድሮ የአንቺንም ማሳ እንተክለዋለን፤ አንቺ ከእኛ ጋር ትበያለሽ» አላት።

«የእኔን አትንካ» አለችው። «ደብተር አለኝ።»

ወንድሜ አልዋሸም። ሳጥኑን ከፍቶ ደብተሩን አመጣና የጎረቤት ተማሪ ጠርቶ አስነበበላት። ስሟ የነበረው ከቤተሰብ አባላት መሃል ነው፤ ተጧሪ ተብሎ።

በማግስቱ እንጅባራ መጣች። ከሚኒባሱ ወርዳ በባጃጅ ሰፈሬን እየጠየቀች ነው ያገኘችኝ፤ ከዚያ በፊት ባጃጅ ተሳፍራ አታውቅም። የተናደደች መስሎኝ ነበር። አልነበረችም። እፎይ ያለች ትመስል ነበር፤ መድኃኒቱ ያለበትን ያወቀ በሽተኛ እንደሚሆነው።

«ፋቁኝ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «ተለጥፌ ከነበርሁ በኋላ ፋቁኝ። አንተ ባታሳየኝ ኖሮ ማን ያምነኝ ነበር? እግዜር ያንለት እዚያ ያቆመህ ለዚህ ቀን ነው። ነገ ቀበሌ እንሄዳለን፤ አንተ ምስክሬ ነህ።»

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። ሚስቴ ምሳ እያቀረበች ነበር፣ ልጆቼ አክስት መጣች ብለው ይዘሉባት ነበር፤ ይህን ሁሉ እንደ ምክንያት እቆጥረዋለሁ። ምክንያት አይደለም። ውሃ አያነሳም። ምሳ በልተን አብረን ቡና ጠጣንና እሺ አልኋት።

በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሦስቱ የኮሚቴ አባላት፣ አንዱ ከወረዳ የመጣ ባለሙያ። ሰብሳቢው ከድሮው ኮሚቴ የቀሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ዕለት ገመዱን ይጎትቱ ከነበሩት አንዱ። ወንድሜ በአንድ ወገን፣ እኔና እታበባ በሌላው ወገን ተቀመጥን። እሷ ተነሥታ ተናገረች። ጥሩ አድርጋ ተናገረች፤ ከእኔ የዚያን እሁድ ንግግር ይልቅ የተሻለ።

«ስሜ ተለጥፎ ነበር» አለች። «ይሄ ልጅ አሳይቶኛል። ወሰኑን በአራቱም ማዕዘን አንብቦልኛል። በደቡብ ያለው ተሳስቶ ነበር፣ ነግሬው አስተካክሎልኛል። ከዚያ በኋላ ነው የፋቁኝ። መምህር ነው፤ ጠይቁት።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ ከእኔ ላይ አልተነሣም። እሳቸውም የሚያውቁትን ያውቃሉ፤ እኔ ከተናገርሁ እሳቸውም ሊናገሩ ነው፣ ዝም ካልሁም ዝም ሊሉ ነው።

«መምህር፣ ያን ጊዜ ጸሐፊው አንተ ነበርህ» አሉኝ። «አሳይተሃታል?»

አሳይቻታለሁ ብል የድሮውን ዝርዝር ከመዝገብ ቤት ያስመጡታል፤ ስሟ የለበትም። አላሳየኋትም ብል እሷን በሰው ፊት ውሸታም አደርጋታለሁ። እውነቱን ብናገር፣ ስሟን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ ያሳየኋትም የሌላ ሴት ስም ነው ብል፣ ሁለቱ ቃዳ ሊመለስላት ይችል ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ በየትኛው ፊቴ አስተምራለሁ? ወንድሜስ? የሞተው አባቴስ ስም? ይህን ሁሉ አሰብሁ። እሷ ምን እንደምትበላ አላሰብሁም።

«እርስዎ እንደሚያውቁት ብዙ ሰው ነበር የሚመጣው» አልኋቸው በአማርኛ። «የማንን እንዳሳየሁ አላስታውስም።»

እታበባ ፈገግ እንዳለች ፊቴን ታይ ነበር። «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው በአውኚ «አላስታውስም ነው የሚለው» አሏት። ፈገግታዋ ቶሎ አልጠፋም፤ ለመጥፋት ጊዜ ወሰደበት።

«ሌላ ምስክር አለሽ?»

«የለኝም። እሱ ይበቃኛል ብዬ ማንንም አልለመንሁም።»

የወረዳው ባለሙያ የቅሬታው ጊዜ ካለፈ ዓመታት መቆጠሩን፣ ማስረጃም አለመቅረቡን ተናግሮ መዝገቡን ዘጋ። ሲነግሯት ሰማች። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞራ «እሱን አትውቀሱት» አለቻቸው። «ስንቱን ሲያነብ ከርሞ የእኔን ብቻ እንዴት ያስታውሳል። እውነቱን ነው የተናገረው፤ መዋሸት ይችል ነበር እኮ።» ሰብሳቢው ወረቀታቸውን ሰብስበው ቀድመውን ወጡ። እኔ ክንዷን ደግፌ አስወጣኋት።

ወንድሜ በዚያው ክረምት ተከለ። ቀርከሃዋንም ጥላ ያጠላል ብሎ መነጠረው። እታበባ በጎጆዋ አምስት ዓመት ከምናምን ቆየች። ዛፉ ከቁመቷ በላይ ሲሆን ፀሐይ አጣች፤ ዙሪያው ሲከስል ደግሞ ጭሱ ደረቷን ያዛት። ወንድሜ ከመጀመሪያው ቆረጣ ለእኔም ድርሻዬን ላከልኝ፤ የአባታችን ቤት ነው ብሎ። በዚያ ገንዘብ የቤቴን ጣሪያ ቆርቆሮ መታሁበት። ሳል ሲይዛት ያመጣኋት እዚያ ቆርቆሮ ሥር ነው። ዝናብ ሲጥል ድምፁን ትወደዋለች፤ «ይሄ ቤት አያፈስም» ትላለች።

እንጅባራ ከገባች ወዲህ ሥራ መፍታት አልቻለችም። ከጓሮዬ ላይ አንዲት መደብ ቆፍራ ድንችና ጎመን ታወጣለች፤ መስመሯ አሁንም ቀጥ ያለ ነው። ለጎረቤት ሴቶች በተሰባበረ አማርኛዋ ታሪኳን ትነግራለች። በእሷ ታሪክ ውስጥ ያልታወቁ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስሟን ይፍቃሉ፣ የወንድሟ ታናሽ ልጅ ይክዳታል፣ ታላቁ ግን ሥራውን ጥሎ ቀበሌ ድረስ ሄዶ ይከራከርላታል። አለማስታወሴ ከታሪኩ ወጥቷል። እኔ ባለሁበት ስታወራ ምክንያት ፈጥሬ ወደ ውጭ እወጣለሁ። አንዴ ሚስቴ «ሲያመሰግኑህ ለምን ትሸሻለህ?» አለችኝ፤ ሥራ አለብኝ አልኋት።

ዘንድሮ መሬት እንደገና ሊታደስ ነው፣ ካርታው በአዲስ ይሠራል የሚል ወሬ ሰማች። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም። በዚያው ሰሞን ሳሏ ጠንቶባት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጎረቤቶች ጠርታ አስቀምጣ አገኘኋት፤ ወረቀትና ብዕር ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅታለች።

«ቁጭ በል» አለችኝ። «ኑዛዜዬን ጻፍልኝ።»

«ምን ቸኮልሽ፣ እታበባ?»

«መሬቱ አንድ ቀን ይመለሳል። ሲመለስ እኔ ላልኖር እችላለሁ፤ ባለቤት ያስፈልገዋል። ጻፍ፦ ሁለቱን ቃዳዬን ለአንተ ሰጥቻለሁ።»

ጎረቤቶቹ እኔን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛዋ «ይገባዋል» አለች። ብዕሩን አነሣሁ። አሁን ተናገር፣ ሦስት ሰው አለ፣ ከዚህ የተሻለ ቀን አታገኝም አልሁ በሆዴ። ግን እሷ በአውኚ እየነገረችኝ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ጻፍሁ፤ ስሟን ከነአባቷ፣ ሁለቱን ቃዳ፣ የወራሹን ስም፣ የእኔን። አንድም ነገር አልጨመርሁም፣ አንድም አልቀነስሁም።

«ምክንያቱንም ጻፍ» አለችኝ። «ኋላ ወንድምህ ለምን ለእሱ ብቻ ብሎ እንዳይከስህ።»

«ምን ብዬ?»

«ወንድሜ በስሙ አደረገው፣ ልጁ ዛፍ ተከለበት፣ መሥሪያ ቤቱ ፋቀኝ። መሬቴን ያልነካብኝ ይህ ልጅ ብቻ ነው። እንዲህ ብለህ ጻፍ።»

ሦስቱ ምስክሮች ይጠብቁ ነበር። እሷም እንድጨርስ ትጠብቅ ነበር። እንዳለችው ጻፍሁት።